የድርጅቱ ደብዳቤ በሠራተኛው ኪስ

ከኢሜይል ሰርቨር እስከ እጅ ስልክ ስላለው መንገድና ስለ ቁልፉ ባለቤት

የንግድ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በመልእክት የቆመ ነው። ዕቃው ከመንቀሳቀሱ በፊት ወሬው ይንቀሳቀሳል፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቃሉ ይሰጣል። የቡና ላኪው የዋጋ ጥያቄ፣ የአስመጪው ፕሮፎርማ ኢንቮይስ፣ የባንኩ ማስታወቂያ፣ ትራንዚተሩ ስለ ጭነቱ መድረስ የሚልከው ወሬ ሁሉ ዛሬ በአብዛኛው የሚመላለሰው በኢሜይል ነው። ይህም መልእክት ቀድሞ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር ብቻ ይነበብ የነበረው፣ ዛሬ በሠራተኛው የእጅ ስልክ ላይ ደርሶ በመንገድም፣ በመጋዘንም፣ በመኖሪያ ቤትም ይነበባል።

ምቾቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ማናቸውም የድርጅት ባለቤት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ደብዳቤው በማን እጅ አልፎ ይደርሳል? የሚያልፍበት በር አንድ ቀን ቢዘጋ ሥራው ምን ይሆናል? ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ በውስጡ ያለው የድርጅቱ ምስጢር የማን ሆኖ ይቀራል? ለነዚህ ጥያቄዎች ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው፣ ይህን ሥራ ለዓለም ያስተዋወቀው የአንድ የካናዳ ኩባንያ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ከወጡባቸው ዓመታት በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከሣጥን ማምጣትና እስከ እጅ ማድረስ

በኢትዮጵያ የፖስታ ደብዳቤ እስከ ደጃፍ ሳይሆን እስከ ፖስታ ሣጥን ድረስ መምጣቱ የታወቀ ነው። የድርጅቱ ተላላኪ ቁልፉን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ ሣጥኑን ይከፍታል፤ ያገኘውንም ይዞ ይመለሳል። ተላላኪው በጠዋት ደርሶ ከተመለሰ በኋላ የመጣው ደብዳቤ እስከ ማግሥቱ ድረስ በሣጥኑ ውስጥ ይቆያል። በየሰዓቱ ቢመላለስ ደግሞ ጫማው ያልቃል፣ ሌላ ሥራው ይታጎላል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያገኘው ባዶ ሣጥን ነው።

የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሚስተር ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በኔትወርክ መልእክት ከላኩና የ@ን ምልክት በአድራሻው መካከል ካስገቡ በኋላ፣ በ1982 ደብዳቤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ደንብ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በሚል ስም ተጽፎ ወጣ። ይህ ደንብ ደብዳቤውን እስከ ተቀባዩ ሣጥን ድረስ ያደርሰዋል። ከሣጥኑ እስከ አንባቢው ያለውን የመጨረሻ ርምጃ ግን አይመለከትም። ለዚህ ርምጃ በ1984 ፖፕ፣ በ1986 ደግሞ አይማፕ የተባሉ ደንቦች ተዘጋጁ። ሁለቱም በመሠረቱ ቁልፍ ይዞ ወደ ሣጥኑ እንደሚሄደው ተላላኪ ናቸው፤ አንባቢው ካልጠየቀ ሰርቨሩ አይናገርም።

በጽሕፈት ቤት ውስጥ ይህ ብዙ ችግር አልነበረውም። ኤሌክትሪክም መስመርም ያለው ኮምፒዩተር በየጥቂቱ ደቂቃ ቢጠይቅ የሚያጣው ነገር የለም። በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ግን በጠየቀ ቁጥር ሬዲዮውን ያስነሣል፣ ባትሪውን ይጨርሳል፣ የአየር ሰዓት ሒሳብም ያስቈጥራል። ስለሆነም መሐንዲሶቹ ነገሩን ገልብጠው ማየት ነበረባቸው። ስልኩ መጠየቁን ትቶ ዝም ብሎ ይጠብቅ፤ ሰርቨሩ ደብዳቤ ሲመጣለት ያን ጊዜ ራሱ ይላክ። በባለሙያዎች ዘንድ «ፑሽ» የሚባለው አሠራር ይህ ነው።

የዋተርሉ መሣሪያ

በካናዳ አገር በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በዋተርሉ ከተማ፣ ሚስተር ማይክ ላዛሪዲስና ሚስተር ዳግላስ ፍሬጊን በ1984 ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለ አነስተኛ ኩባንያ አቋቋሙ። ሚስተር ላዛሪዲስ በኢስታንቡል ከግሪክ ወላጆች ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ካናዳ የገቡ ናቸው። በ1992 ደግሞ የንግዱን ሥራ የሚያውቁት ሚስተር ጂም ባልሲሊ ከኩባንያው ጋር ተባበሩ። አንደኛው መሣሪያውን ሲሠሩ፣ ሌላው ገበያውን ሲያበጁ፣ ኩባንያው በ1999 ብላክቤሪ 850 የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ።

ይህ የመጀመሪያው ብላክቤሪ ድምፅ የሚያነጋግር ስልክ አልነበረም። በመዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ትንንሽ ፊደሎቹ በሁለት አውራ ጣት የሚመቱ፣ በሬዲዮ ኔትወርክ የሚሠራ የመልእክት መሣሪያ ነበር። በየሱቁ የሚሸጥ አንድ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ለብዙ ቀናት ያገለግለው ነበር። ያን ያህል የቈየበትም ምክንያት ደብዳቤ መጣ አልመጣም እያለ ሣጥኑን ስለማይመላለስበት ነው።

ሰርቨሩ፣ ማሰራጫውና ቁልፉ

የብላክቤሪ ትልቁ ብልሃት በመዳፍ ላይ ከሚታየው መሣሪያ ይልቅ በስተጀርባው ባለው አሠራር ላይ ነበር። ደንበኛ የሆነው ድርጅት ብላክቤሪ ኢንተርፕራይዝ ሰርቨር የሚባለውን ፕሮግራም ገዝቶ በራሱ ግቢ፣ ከራሱ የኢሜይል ሰርቨር አጠገብ ያቆማል። የኢሜይሉ ሰርቨር የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ወይም የሎተስ ዶሚኖ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ፕሮግራም የያንዳንዱን ሠራተኛ ሣጥን ሌት ተቀን ይጠብቃል። ደብዳቤ በገባ ጊዜ የመጀመሪያውን 2 ኪሎባይት ያህል ክፍል ይወስዳል፤ እንዳይከብድ ያጨምቀዋል፤ በምስጢር ቁልፍ ይቈልፈዋል፤ ከዚያም በሪሰርች ኢን ሞሽን የማሰራጫ ጣቢያ በኩል ወደ ስልኩ ኔትወርክ ይልከዋል። ስልኩ ጠፍቶ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ እንደ ሆነ ጣቢያው መልእክቱን ይዞ ይጠብቃል። ረዥም ደብዳቤ ቢሆን ቀሪው ክፍል የሚላከው አንባቢው ሲፈልገው ብቻ ነው። መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ከድርጅቱ ሰርቨር፣ በድርጅቱ አድራሻ ይወጣል፤ ቅጂውም በድርጅቱ መዝገብ ይቀራል።

በዚህ አሠራር ውስጥ የድርጅት መሪዎችን ልብ ያሳረፉ ሁለት ነገሮች ነበሩ።

አንደኛው የበሩ ነገር ነው። የድርጅቱ ኔትወርክ ከውጭ ለሚመጣ ጠሪ አንዳችም በር አልተከፈተም። የድርጅቱ ሰርቨር ራሱ በ3101 ቁጥር በር ወደ ውጭ ወጥቶ ከማሰራጫ ጣቢያው ጋር ይገናኛል፤ መስመሩንም ይዞ ይቈያል። ይህም እንግዳ የማያስገባ ዘበኛ የቤቱን ሰው ግን ወጥቶ እንዲመለስ እንደሚፈቅደው ያለ ነው።

ሁለተኛው የቁልፉ ነገር ነው። ለያንዳንዱ ስልክ የተለየ የምስጢር ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉም በሁለት ስፍራ ብቻ፣ ማለትም በድርጅቱ ሰርቨርና በስልኩ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በመካከል ያለው የካናዳው ጣቢያ የታሸገ ፖስታ ተሸክሞ ያልፋል እንጂ ከፍቶ ሊያነበው አይችልም። ባንኮች፣ የሕግ ጽሕፈት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሣሪያውን ያለ ብዙ ሥጋት የተቀበሉት ስለዚህ ነው።

የመሣሪያው ዝና ከፍ ያለው ግን በአሳዛኝ ቀን ነበር። መስከረም 11 ቀን 2001 በኒውዮርክና በዋሽንግተን አደጋ በደረሰ ጊዜ የድምፅ ስልክ መስመሮች በጥሪ ብዛት ተጨናነቁ። ብላክቤሪ የያዙ ሰዎች ግን መሣሪያቸው በተለየ የመልእክት ኔትወርክ ይሠራ ስለ ነበር መጻጻፍ ችለዋል። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለአባሎቹ መሣሪያውን አደለ።

የፓተንት ክርክር

ሥራ ሲስፋፋ ባለ ክርክርም ይመጣል። በቨርጂኒያ የሚገኝ ኤን.ቲ.ፒ. የተባለ የፓተንት መብት ባለቤት የሆነ ኩባንያ፣ ኢሜይልን በሬዲዮ የማድረስ ብልሃት በእኔ መብት ሥር የተመዘገበ ነው ሲል በ2001 ክስ አቀረበ። ክርክሩ ለዓመታት ቈይቶ፣ የብላክቤሪ አገልግሎት በአሜሪካ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቈም ይሆናል የሚለው ሥጋት ደንበኞቹን ሁሉ አስጨነቀ። በመጨረሻም ሪሰርች ኢን ሞሽን መጋቢት 3 ቀን 2006 612.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክርክሩን በስምምነት ዘጋ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለከሳሽና ለተከሳሽ ብቻ አይደለም። በሺሕ የሚቈጠሩ ድርጅቶች በማያውቁትና በማይካፈሉት ክርክር ምክንያት የመልእክት መስመራቸው ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። አንድ ድርጅት ዕለታዊ ሥራውን በአንድ አቅራቢ ላይ ብቻ ሲያቆም፣ የአቅራቢውን ዕዳና ሙግትም ሳያውቀው አብሮ ይሸከማል።

መንግሥታት ቁልፉን ሲጠይቁ

በ2010 ደግሞ ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ መንግሥታት ተዛወረ። የኢትዮጵያ ነጋዴዎች አዘውትረው የሚመላለሱባት ዱባይ የምትገኝበት የተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት፣ የብላክቤሪ የመልእክት አገልግሎት ከጥቅምት 11 ቀን 2010 ጀምሮ እንደሚታገድ ነሐሴ 1 ቀን አስታወቀ። የቀረበው ምክንያት መልእክቶቹ ከአገር ወጥተው በውጭ አገር በሚገኝ ጣቢያ ስለሚያልፉ የአገሩ ሕግ አይደርስባቸውም የሚል ነበር። ኩባንያው በበኩሉ ለድርጅቶች በሚሰጠው አገልግሎት ቁልፉ ያለው በደንበኛው እጅ ስለሆነ፣ ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ በእጁ እንደሌለ ገለጸ። እገዳው ሊጸና ሦስት ቀን ሲቀረው መንግሥቱ አገልግሎቱ እንደሚቀጥል አስታወቀ።

በነዚያ ሁለት ወራት በዱባይ ቢሮ ያላቸው ኩባንያዎች ሁሉ ሌላ መንገድ ሲፈልጉ ሰነበቱ። ለነጋዴው ዋናው ነገር የትኛው ወገን ትክክል ነበር የሚለው አይደለም። ደብዳቤው የሚያልፍባቸውን አገሮች፣ ሕጎቻቸውንና ቁልፉን የሚይዘውን ወገን አስቀድሞ ማወቅ የንግድ ጥንቃቄ መሆኑን መረዳቱ ነው።

ሦስት የጨለማ ቀናት

ጥቅምት 10 ቀን 2011 ሰኞ ዕለት፣ በኤውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ያሉ የብላክቤሪ ተጠቃሚዎች መልእክት መቀበል አቆሙ። ምክንያቱ በኩባንያው የማሰራጫ መሥመር ውስጥ ያለ አንድ ዋና የኔትወርክ መሣሪያ መበላሸቱ ነበር። መጠባበቂያው ወዲያው ይተካዋል ተብሎ ሳለ፣ ቀድሞ በተፈተነበት አኳኋን ሳይሠራ ቀረ። ደብዳቤዎች እንደ ክረምት ጎርፍ ተጠራቅመው ሌሎቹን ጣቢያዎች አጨናነቁ፤ ችግሩም ወደ ሕንድና ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ረቡዕ ዕለት ደግሞ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተዛመተ። አገልግሎቱ የተመለሰው ሐሙስ ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ተጠቃሚዎች 70 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ሚስተር ላዛሪዲስም በፊልም ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በነዚያ ቀናት የደንበኞቹ ሰርቨሮች ደኅና መሆናቸው ነው። የስልክ ኩባንያዎችም ኔትወርክ አልተበላሸም። የተሰበረው መካከለኛው ድልድይ ብቻ ነበር። ምስጢርን የጠበቀው ያው ማሰራጫ ጣቢያ፣ ሁሉም መንገድ በእርሱ ያልፍ ስለ ነበር፣ ሲወድቅ ሁሉንም አቆመ። በአማርኛ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያም የሚስማማ ምክር ነው።

ያለ መካከለኛ የመጣው ተፎካካሪ

በዚህ መካከል ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2005 ለኤክስቼንጅ ሰርቨሩ ባወጣው ማሻሻያ፣ ስልክና ሰርቨር ያለ ማሰራጫ ጣቢያ በቀጥታ የሚገናኙበትን ዘዴ አስገባ። የአክቲቭሲንክ አሠራር እንዲህ ነው፤ ስልኩ በ443 ቁጥር በር፣ በተመሰጠረ መስመር ወደ ሰርቨሩ ይጠራና «ለተወሰነ ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ አዲስ ነገር ከመጣ ንገረኝ» ይላል። ሰርቨሩ መልሱን ሳይሰጥ መስመሩን ይዞ ይቈያል። ደብዳቤ ሲገባ ወዲያው ይመልሳል፤ ካልገባ የተባለው ጊዜ ሲያልቅ «ምንም የለም» ይላል፤ ስልኩም ያንኑ ጥያቄ እንደገና ያቀርባል። ጊዜው አጭር ከሆነ ባትሪው ይጐዳል። ረዥም ከሆነ ደግሞ በመካከል ያለው የስልክ ኔትወርክ ሥራ የፈታ መስመር ነው ብሎ ሊቈርጠው ይችላል። ስለዚህ ስልኩ የሚስማማውን ልክ እየሞከረ ያገኛል።

አፕል በ2007 አይፎንን ለሽያጭ ካቀረበ በኋላ፣ በሐምሌ 2008 ባወጣው ማሻሻያ ይህንኑ የኤክስቼንጅ ዘዴ ተቀበለ። የአንድሮይድ ስልኮችም ተከተሉ። ድርጅቶች ለመካከለኛው ጣቢያ ልዩ ክፍያ ሳይከፍሉ፣ ሠራተኞችም የመረጡትን ስልክ ይዘው ደብዳቤ ማግኘት ቻሉ። የዋተርሉው ኩባንያ ገበያው እየጠበበት ሄደ። በ2013 ስሙን ወደ ብላክቤሪ ለወጠ፤ በ2016 ስልክ መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች አገልግሎትም ጥር 4 ቀን 2022 ተዘጋ። ኩባንያው ወደ ሶፍትዌር ሥራ ዞሯል፤ ከዚህም ውስጥ የድርጅቶችን ስልክ የሚጠብቅና የሚቈጣጠር ፕሮግራም ይገኝበታል።

አዲሱ መንገድ ግን አዲስ አደጋ አመጣ። በቀድሞው አሠራር ሰርቨሩ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር እንጂ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን በድርጅቱ ግቢ ያለው ሰርቨር ከኢንተርኔት ለሚመጣ ጠሪ ሁሉ በር ከፍቶ መቆም አለበት። መጋቢት 2 ቀን 2021 ማይክሮሶፍት በኤክስቼንጅ ሰርቨር ውስጥ አራት ከባድ ጉድለቶች መገኘታቸውን ሲያስታውቅ፣ ወራሪዎች በዚህ በር ገብተው መሥራት ጀምረው ነበር። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ድርጅቶች ተጐዱ። የኤውሮፓ የባንክ ባለሥልጣን ሳይቀር የኢሜይል ሰርቨሮቹን ዘግቶ ለመመርመር ተገደደ።

ብዙዎች ከዚህ ሥጋት ለመዳን ሰርቨራቸውን ትተው በትልልቅ ኩባንያዎች ማዕከል ሣጥን ተከራይተዋል። ይህም ለአነስተኛ ድርጅት ብዙውን ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ጠባቂው ሌት ተቀን የማይተኛ ባለሙያ ነውና። የሆነ ሆኖ ቁልፉ ወደ አከራዩ መሄዱን መዘንጋት አይገባም። በሐምሌ 2023 እንደ ተገለጸው፣ ወራሪዎች ከማይክሮሶፍት በሰረቁት አንድ የመፈረሚያ ቁልፍ የ25 ያህል ድርጅቶችን ደብዳቤ አንብበዋል፤ ከነዚህም መካከል የአሜሪካ የውጭ ጉዳይና የንግድ ሚኒስቴሮች ይገኙበታል።

ከዚህም በቀር የደብዳቤ ማንበቢያ ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ከስልኩ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይሄዳሉ። ሌሎቹ ግን የይለፍ ፈቃዱን በአምራቹ ሰርቨር አስቀምጠው፣ አምራቹ በሠራተኛው ስም ሣጥኑን እንዲጠብቅ ያደርጋሉ። የኤውሮፓ ፓርላማ በ2015 የአውትሉክን የስልክ ፕሮግራም ለአባሎቹ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነበር። ሠራተኛው ከስልኩ ገበያ አንድ ነጻ ፕሮግራም ባወረደ ቁጥር፣ የድርጅቱን የሣጥን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ሊሆን ይችላል።

ለድርጅት ባለቤቶች የሚበጅ ጥንቃቄ

ነገሩ ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የተተወ መስሎ እንዳይታይ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2023 በደረሱት አቤቱታዎች፣ የንግድ ኢሜይልን በመጥለፍና በማስመሰል የተፈጸመው ማታለል ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት አድርሷል። የዚህ ማታለል የተለመደው መንገድ ቀላል ነው። አታላዩ በሻጭና በገዥ መካከል ያለውን መጻጻፍ አንብቦ፣ ክፍያው በሚደርስበት ቀን «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ ይልካል። በጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው አድራሻውን ፊደል በፊደል ሊመረምር ይችላል፤ በመንገድ ላይ በትንሽ መስተዋት የሚያነብ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የላኪውን ስም ብቻ ያያል።

በኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ በያዘው ወገን ላይ ኃላፊነት ጥሏል። በመሆኑም በስልክ የሚደርስ ደብዳቤ እንደ ተራ ወሬ የሚታይ ሳይሆን፣ እንደ ማናቸውም የድርጅት ሰነድ መጠበቅ ያለበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ብዙ ጉዳት ያስቀራሉ።

1ኛ፤ ድርጅቱ በራሱ ስም የተመዘገበ የኢሜይል አድራሻ ይኑረው። የሽያጭ ሠራተኛው በግል አድራሻው ከደንበኞች ጋር ሲጻጻፍ ቈይቶ ሥራውን ቢለቅ፣ የዓመታት መጻጻፍና የደንበኞች ዝርዝር አብሮት ይሄዳል። አድራሻው የድርጅቱ ከሆነ ግን ሣጥኑን ዘግቶ ለተተኪው ማስረከብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

2ኛ፤ የድርጅቱ ደብዳቤ የሚደርስባቸው ስልኮች እንደ ማናቸውም ንብረት በመዝገብ ይያዙ። የትኛው ስልክ፣ በማን እጅ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ተጽፎ ካልተያዘ፣ በመልቀቂያው ቀን የሚዘጋው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም።

3ኛ፤ ማናቸውም ስልክ በይለፍ ቁጥር ይቈለፍ። በሩቅ ሆኖ የጠፋን ስልክ የሚደመስስ ትእዛዝ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ የሚፈጸመው ስልኩ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ሌባው ሲም ካርዱን አስቀድሞ ካወጣው፣ በመካከል የሚጠብቀው ያ የይለፍ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

4ኛ፤ ስልኩ የሠራተኛው የግል ንብረት ከሆነ፣ የሥራው ክፍል ከግሉ ክፍል ተለይቶ ይቀመጥ። የዛሬ ስልኮች ይህን የሚያደርጉበት ዘዴ አላቸው። ሠራተኛው ሲለቅ የድርጅቱ ደብዳቤ ብቻ ይደመሰሳል እንጂ የልጆቹ ፎቶግራፍ አብሮ አይጠፋም። ስለዚህም ጉዳይ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

5ኛ፤ ሣጥኑ በይለፍ ቃል ብቻ የሚከፈት አይሁን። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ በማዕከሉ ባሉ ሣጥኖች ላይ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ የሚገባበትን የድሮ ዘዴ መዝጋት የጀመረው፣ የተሰረቀ የይለፍ ቃል የአብዛኛው ወረራ መነሻ በመሆኑ ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር ለሠራተኛው የጥቂት ሰከንድ ድካም ነው።

6ኛ፤ የባንክ ሒሳብ ለውጥን የሚያስታውቅ ደብዳቤ በስልክ መስተዋት ላይ ተነቦ ብቻ አይፈጸም። ቀድሞ በሚታወቀው የስልክ ቁጥር ደውሎ የባለቤቱን ድምፅ መስማት ያስፈልጋል።

7ኛ፤ ሰርቨሩን ራሱ የሚያስተዳድር ድርጅት፣ ማሻሻያዎች በወጡ ጊዜ ሳይውል ሳያድር የሚያስገባ ባለሙያ ይመድብ። ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ ሣጥን መከራየቱ ይሻለዋል።

8ኛ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰን። የዋና ዋና ደንበኞች ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ፤ አስቸኳይ የሆነው የጭነትና የባንክ ጉዳይም በምን ሌላ መንገድ እንደሚላለፍ ሠራተኛው ይወቅ።

የማይዘጋ ጽሕፈት ቤት

እስካሁን የተነገረው ስለ ደብዳቤው ደኅንነት ነው። ስለ ተቀባዩም አንድ ነገር ሳይነሣ ቢቀር ጉዳዩ ጎደሎ ይሆናል። ደብዳቤው ራሱ ሠራተኛውን ተከትሎ ሲመጣ፣ የጽሕፈት ቤቱ በር በማታ ቢዘጋም ሥራው አይዘጋም። ይህን የተረዳው የጀርመኑ የቮልስዋገን ፋብሪካ፣ በ2011 መጨረሻ ከሠራተኞች ምክር ቤት ጋር ተስማምቶ፣ የሥራ ሰዓት ካበቃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ወደ አንዳንድ ሠራተኞቹ ብላክቤሪ ደብዳቤ መላኩን እንዲያቆምና በማግሥቱ ሥራ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው እንዲቀጥል አደረገ። ፈረንሳይም ከጥር 2017 ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ስለዚሁ ጉዳይ ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲነጋገሩ በሕግ ደነገገች።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። አዋጁን ከስልኩ ድምፅ ጋር ማስማማት የአሠሪው አስተዋይነት ነው። ለሌሊት የሚያስፈልግ አስቸኳይ ጉዳይ ካለ ለተወሰኑ ተረኞች ብቻ መመደብ ይቻላል፤ ለቀሩት ግን ሰርቨሩ እስከ ጠዋት ይዞ ቢያቈየው ንግዱ አይጐዳም። ዕረፍት ያገኘ ሠራተኛ በማግሥቱ የሐሰት ደብዳቤን ከእውነተኛው ለመለየት የተሻለ ዓይን ይኖረዋልና።

ከዋተርሉው ኩባንያ መነሣትና መውደቅ የሚታየው አንድ ነገር ነው። የዛሬው የመገናኛ መሣሪያ ከ20 ዓመት በኋላ በሥራ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ የሚልከው ኩባንያም ስሙን ሊለውጥ ወይም ሥራውን ሊዘጋ ይችላል። ደብዳቤው፣ የደንበኛው እምነትና የድርጅቱ ቃል ግን የባለቤቱ ሆነው ይኖራሉ። ስለዚህ ማናቸውም የድርጅት መሪ ለሠራተኛው ስልክ ከመስጠቱ በፊት፣ ደብዳቤው በየት እንደሚያልፍና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።